ሞተሩ ተቃጥሏል ከመባላችሁ በፊት፦ ፍሪጅን በትንንሽ መለዋወጫ ማዳን

ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ሲያቆም መጀመሪያ የሚነገራችሁ ከሁለት አንዱ ነው። «ሞተሩ ተቃጥሏል» ወይም «ጋዝ ጨርሷል»። ሁለቱም ኪስ ይጎዳሉ። እኔ ግን ደሴ ውስጥ የዘመድ፣ የጎረቤትና የወዳጅ ፍሪጅ እየፈታሁ ያየሁት ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው የበር ጎማው፣ ቴርሞስታቱ (ቅዝቃዜውን እየለካ ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው)፣ ሪሌዩ (ሞተሩን የሚያስነሳው) ወይም ኦቨርሎዱ (ሞተሩ እንዳይቃጠል መብራት የሚቆርጠው) ላይ ነው። አራቱም ከሞተር ጋር ሲነጻጸሩ ርካሽ ናቸው። አራቱንም ቤት ውስጥ መቀየር ይቻላል። አንዳንዴ ደግሞ የተበላሸ ነገር ጭራሽ የለም።

የሚያስፈልጋችሁ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮና መልቲሜትር ነው። መልቲሜትሩ ውድ መሆን የለበትም፤ ኦም የሚለካ ርካሽ ዲጂታል ይበቃል። የኮረንቲ መፈተሻዋ ካቻቢቴ ግን አትተካውም። እሷ መብራት መኖሩን እንጂ ዕቃው ደህና መሆኑን አትነግራችሁም።

ሶኬቱን ሳትነቅሉ ምንም አትንኩ። «መብራት ሄዷል» ብላችሁም እጃችሁን አታስገቡ፤ መቼ እንደሚመጣ አታውቁም።

1. መጀመሪያ ቤቱን እዩ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ትላላችሁ፤ አየሩም ይሞቃል። ይህ ለፍሪጅ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ፍሪዘሩ ለብቻው በር ኖሮት አንድ ቴርሞስታት ብቻ ያለው ፍሪጅ፣ የሚለካው የአትክልትና የወተቱን ክፍል ሙቀት ነው። ያ ክፍል ከቀዘቀዘ ሞተሩን ያጠፋዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የደሴ ማድቤት ራሱ ፍሪጅ ይሆናል። ስለዚህ የወተቱ ክፍል ሳይሞቅ ያድራል፣ ሞተሩም አይነሳም። ፍሪዘር ውስጥ ያለው ሥጋ ግን መቅለጥ ይጀምራል። ባለቤቱ ጠዋት ከፍቶ ያየውና «ጋዝ አለቀ» ይላል። ጋዙ አላለቀም።

ፍሪጁ ውስጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። «ኤን» የሚል ፊደል ካለበት የተሠራው ከ16 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሆነ ክፍል ነው። «ኤስኤን» ከ10 እስከ 32፣ «ኤስቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» ከ16 እስከ 43 ማለት ነው። አዲስ የሚገዛ ሰው ለደሴ ብርድ «ኤስኤን» ያለበትን ይምረጥ። ለባቲ፣ ለከሚሴና ለቆቦ ሙቀት ደግሞ «ኤስቲ» ወይም «ቲ» ይሻላል። ያላችሁ ፍሪጅ ለብርዱ ካልሆነ ከማድቤት አውጥታችሁ ሰው ወደሚውልበት ክፍል አስገቡት። መፍትሔው ይኸው ነው፤ መለዋወጫ አይፈልግም።

ከፍታውም የራሱ ሥራ አለው። የተለመደው ቴርሞስታት ጋዝ የያዘ ቀጭን ቱቦ አለው። ያ ጋዝ የሚገፋው ከውጭ አየር ግፊት ጋር እየተጋፋ ነው። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ ያው ቁጥር ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ የበለጠ ያቀዘቅዛል። ከቆላ ባመጣችሁት ፍሪጅ ወተቱ በረዶ ከሠራ ቁጥሩን ዝቅ አድርጉ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ከትታችሁ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አሳድሩት። 4 ወይም 5 ዲግሪ ካሳየ ትክክል ነው። ፍሪዘሩ ደግሞ 18 ከዜሮ በታች አካባቢ ይሁን።

2. ጽዳት

ከጀርባ ያለውን ጥቁር የሽቦ መረብ በብሩሽ አጽዱ። ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት። ከኋላ መረብ ከሌለው ቱቦው በጎኖቹ ውስጥ ተቀብሯል፤ የጎኑ መሞቅ ያኔ ጤና ነው። ከአትክልት መሳቢያው ሥር ውሃ ከተጠራቀመ ከኋላ ያለችው የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ተደፍናለች። ለብ ያለ ውሃ አፍስሱባትና በለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ክፈቷት።

የፍሪዘሩ በረዶ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲወፍር አሟሙት። እዚህ ላይ አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ቢላዋ አታስጠጉ። ለአረፋ የታረደ ሥጋ ከበረዶው ጋር ተጣብቆ፣ በቢላዋ ጫፍ ሲፈለቀቅ «ፍሽሽ» ያለበት ቤት አይቻለሁ። የፍሪዘሩ ግድግዳ ስስ አሉሚኒየም ነው፤ ጋዙ የሚያልፈውም በውስጡ ነው። አሉሚኒየም ብየዳ በቀላሉ አይቀበልም። የዚያ ቤት ፍሪጅ በዚያች ቅጽበት አበቃለት። ሶኬቱን ንቀሉ፣ የፈላ ውሃ በድስት አስቀምጡበት፣ በሩን ክፈቱና ታገሡ። አዲስ ሥጋም ስታስገቡ ሙቀቱ ከወጣለት በኋላ፣ ከፋፍላችሁ ይሁን።

3. የበር ጎማ

በሩ ላይ የብር ኖት አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ሳይያዝ ከወጣ ጎማው አይዘጋም። በአራቱም ጎን፣ በተለይ በማዕዘኖቹ ሞክሩ። ሞተሩ ያለ እረፍት የሚሠራና ፍሪዘሩ ቶሎ ቶሎ በረዶ የሚያበቅል ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት በሳሙና እጠቡት። የቆሸሸ ጎማ እንደተበላሸ ጎማ ያስመስላል። የተጣመመውን ቦታ በፀጉር ማድረቂያ ወይም በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አሙቁና በእጃችሁ ቅርጽ አስይዙት። ከተቀደደ ግን ለውጡት። በማጣበቂያ መጠገኑን አልመክርም፤ ማጣበቂያው ይደርቅና ክፍተቱን ያሰፋዋል። አንዳንዱ ጎማ ከከንፈሩ ሥር በብሎን ይታሰራል፣ አንዳንዱ በጫና ቦይ ውስጥ ይገባል። ቁመቱንና ስፋቱን ከቦይ ቦይ ለኩ። ታጥፎ የመጣውን አዲስ ጎማ ከመግጠማችሁ በፊት ፀሐይ ላይ ዘርጉት።

4. ቴርሞስታት

ውስጡ አምፑሉ ይበራል፣ ሞተሩ ግን ድምፅ የለውም። ያኔ ሶኬቱን ንቀሉና የቴርሞስታቱን ቤት ክፈቱ። መብራት የሚያመጣውንና ወደ ሞተር የሚወስደውን ሁለት ሽቦ ከቴርሞስታቱ አውጥታችሁ አገናኟቸው፣ በናስትሮ ሸፍኑ፣ ከዚያ ሰኩ። ሞተሩ ከተነሳ ቴርሞስታቱ ሞቷል። ይህ ለመፈተሻ ብቻ ነው። እንደተገናኘ ትቶ መጠቀም ሞተሩን ያለ እረፍት ያሠራዋል።

ሲገዙ አሮጌውን ይዞ መሄድ ግድ ነው። ኬ50 እና ኬ59 የሚባሉት መልካቸው ይመሳሰላል፤ አሠራራቸው ግን ይለያያል። ኬ50 በብዛት ያለው ባለ አንድ በሩ ላይ ነው፤ ኬ59 ለባለ ሁለት በሩ ነው። የቱቦውን ጫፍ አሮጌው በነበረበት ቦታ፣ በነበረበት ርዝመት አስገቡት። ቱቦው ከተሰበረ ዕቃው አለቀለት።

5. ሪሌይና ኦቨርሎድ

ይህኛውን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ብዙ ደህና ሞተር የሚጣለው እዚህ ነው።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ሞተሩ «ህምም» ይላል፣ ጥቂት ቆይቶ «ቀጭ» ይላል፣ ዝም ይላል። ከደቂቃዎች በኋላ ያው ይደገማል። ሞተሩ ለመነሳት ሞክሮ አቅቶታል። «ቀጭ» ያለው ኦቨርሎዱ ነው፤ ሞተሩ እንዳይቃጠል መብራቱን ቆርጦለታል።

አንዲት ጎረቤታችን «ልጄ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል ብለውኛል፤ ለቆራሌው ልሸጠው ነው» አሉኝ። «አብሽሩ እማማ፣ አንዴ ልየው» አልኳቸው። ሪሌዩን ነቅዬ ጆሯቸው አጠገብ ሳወዛውዘው ተንኳኳ። ውስጡ ያለችው ክብ ሴራሚክ ተሰባብራለች። ሪሌዩ ተቀየረ፣ ፍሪጁም ተነሳ።

ያቺ ሴራሚክ ስትቀዘቅዝ መብራት ታሳልፋለች፤ ሞተሩ ለመነሳት የሚያስፈልገውን ጉልበት ትሰጠዋለች። ወዲያው ትሞቅና መንገዱን ትዘጋለች። መብራት ሄዶ ቶሎ ሲመለስ ሞተሩ የማይነሳው አንድም እሷ ገና ስላልቀዘቀዘች ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊትም ገና አልተመጣጠነም። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መጠበቅ የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ሶኬቱን ንቀሉ። ከሞተሩ ጎን ያለውን ክዳን አውጡ። ምንም ሳትነኩ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ካፓሲተር ካለው ሁለቱን እግሮቹን በአሮጌ ባለ ክር አምፑል አገናኝታችሁ የያዘውን ኮረንቲ አፍስሱ። ከዚያ ሪሌዩን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። አታጣምሙት፣ በካቻቢቴ አትፈንቅሉት። ሦስቱ የሞተር እግሮች በመስታወት የታሸጉ ናቸው። አንዱ ከተሰበረ ጋዙ በዚያው ይወጣል፤ ደህናውን ሞተር እናንተው ገደላችሁት ማለት ነው።

አሁን በመልቲሜትር የሦስቱን እግሮች ኦም ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ለኩ። ሦስት ቁጥር ታገኛላችሁ። ትልቁ የሁለቱ ትንንሾች ድምር መሆን አለበት። ለምሳሌ 13 እና 19 ካገኛችሁ ሦስተኛው 32 ይሆናል። ከዚያ አንዱን የመልቲሜትር ጫፍ ቀለሙን በፋቃችሁት የመዳብ ቱቦ ላይ አድርጉና እያንዳንዱን እግር ንኩ። ምንም ንባብ መምጣት የለበትም። ንባብ ከመጣ ሞተሩ በእርግጥም ሄዷል፤ ሰውም ይይዛል። ሦስቱም ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ደግሞ ሞተሩ ኢንቨርተር ነው። እሱን የሚያስነሳው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ስለሆነ ለባለሙያ ተዉት።

ሞተሩ ደህና ከሆነ ሪሌዩን ለኩ። ላዩ ላይ 15፣ 22 ወይም 33 የሚል ቁጥር ይኖረዋል፤ ሲቀዘቅዝ ኦሙ ከዚያ መራቅ የለበትም። ኦቨርሎዱ ወደ ዜሮ የቀረበ ማሳየት አለበት። ሞተሩ ግሎ ከሆነ ግን አንድ ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ ኦቨርሎድ ሲግል ይከፈታል፣ ይህ ሥራው ነው።

ደሴ ፒያሳም ግዙ ኮምቦልቻም፣ አሮጌውን ይዛችሁ የሞተሩንም ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ። ሁለቱንም አብሮ መቀየር ይሻላል እላለሁ፤ አብረው አርጅተዋልና። ኦቨርሎዱ ከሞተሩ ጉልበት ጋር ይስማማ። ለ1/8 የፈረስ ጉልበት ሞተር የ1/4ን «ይሠራል» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትስሙ። ይሠራል፤ የሚያድንበት ቀን ሲመጣ ግን አይቆርጥም። ኦቨርሎዱን ዘልሎ ቀጥታ ማገናኘት ደግሞ እሳት መጥራት ነው።

6. ኮረንቲ

ቮልቴጁ 180 አካባቢ ሲወርድ ሞተሩ መነሳት ይቸግረዋል፤ ሪሌይ የሚጨርሰውም ይኸው ነው። መልሶ ሲያበራ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ ፍሪጅ ጋርድ ግዙ። ፍሪጁንና ምጣዱን ከአንድ ማከፋፈያ ላይ አትሰኩ።

7. ጋዝ

ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። የሚዞረው በታሸገ ቱቦ ውስጥ ነው። ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ። ቀዳዳው ሳይገኝ ጋዝ መሙላት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ይህን ሥራ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። በተለይ ሞተሩ ላይ የነበልባል ምልክት ካለ ጋዙ አር600ኤ ነው፤ በእሳት ይያያዛል። ባለሙያ ስትጠሩ ሦስት ነገር ጠይቁት። ቀዳዳውን አግኝቶ ይደፍናል ወይ? ፊልተሩን በአዲስ ይቀይራል ወይ? ከመሙላቱ በፊት ቱቦውን በቫኪዩም ፓምፕ ያደርቃል ወይ? አንዱን «አያስፈልግም» ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።