የኮምፒውተር ጌም ሞድን ወደ ኮንሶል ማዛወር

አድናቂዎች ለኮምፒውተር የሠሩትን ሞድ (ጨዋታውን የሚለውጥ ወይም አዲስ ነገር የሚጨምርበት ፋይል) ወደ ኮንሶል (ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ የጌም ማሽን) ለማዛወር ከሁሉ በፊት የሠሪውን ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን ስካይሪም ስፔሻል ኤዲሽን የተባለ ጨዋታ ብንወስድ፣ ኤክስቦክስ ዋን ለሞዶች በጠቅላላው 5 ጊጋባይት ሲፈቅድ፣ ፕሌይስቴሽን 4 ግን 1 ጊጋባይት ብቻ ከመፍቀዱም በላይ ከጨዋታው ውጭ የመጣ ምስልና ድምፅ ስለማይቀበል፣ አዲስ የጦር ልብስ ይዞ የሚመጣ ሞድ በዚያ በኩል ከናካቴው አይታሰብም። በስክሪፕት ኤክስቴንደር (በኮምፒውተር ላይ የጨዋታውን የስክሪፕት አቅም የሚያሰፋ ተጨማሪ ፕሮግራም) ላይ የተመሠረተ ሞድ በሁለቱም አይሠራም፤ በከንቱ አይደከምበት። ለኤክስቦክስ የሚዘጋጀውን ባለ 4096 ፒክስል ምስል ወደ 1024 ዝቅ ማድረግ መጠኑን ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ገደማ ያወርደዋል፤ በቴሌቪዥን ላይ ልዩነቱ እምብዛም አያስታውቅም። ከዚያ ሞዱን በክሪኤሽን ኪት (የጨዋታው የሞድ መሥሪያ ፕሮግራም) አሽጎ መጫን ነው። ፒያሳ ባለ ጌም ቤት የሚሞክር ሰው፣ መብራት ድንገት ሊጠፋ ስለሚችል፣ አስቀድሞ የጨዋታውን ሴቭ (የተደረሰበት ደረጃ የተቀመጠበትን ፋይል) ለብቻው ይቅዳ፤ ሞድ በበራበት ጨዋታ ዋንጫ (ኮንሶሉ ለተጫዋቹ ስኬት የሚሰጠው ሽልማት) እንደማይመዘገብም ለደንበኞቹ ይንገር።