ወደ ባህር ማዶ ሲዛወሩ ውሻዎን ይዞ ስለመሄድ ወይም ስለመተው እንዴት ይወስናሉ?

ቪዛ እጅ ሲገባ ቤተሰብ የሚጨነቀው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሥራና ስለ ልጆች ትምህርት ነው። የውሻው ነገር «ትኬት ስንቆርጥ እናስብበታለን» ተብሎ ይታለፋል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ለውሻ የሚያስፈልገው ዝግጅት ከሰው ቪዛ የበለጠ ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። ሳይወስኑ ከቆዩ ቀኑ ራሱ ይወስንልዎታል፤ ያኔ የሚቀረው አማራጭ መተው ብቻ ነው።

ከታች ባለው ቅደም ተከተል ጉዞውን ጨርሶ የሚያስቀሩት ነገሮች ከፊት ተቀምጠዋል። መልሱ «አይሆንም» ከሆነ ገንዘብ ከማፍሰስዎ በፊት ቢያውቁት ይሻላል።

1. መግባት ይፈቀድለት እንደሆነ ያጣሩ

የሚሄዱበት አገር የግብርና ወይም የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ያወጣውን ደንብ ራስዎ ያንብቡ። ከዚህ በፊት ውሻ ይዞ የሄደ ወዳጅ የሚነግርዎ ጥሩ መነሻ ነው፤ ደንቡ ግን ይቀያየራል። አሜሪካ ለምሳሌ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ዕድሜው 6 ወር ያልሞላ ውሻ አታስገባም።

ዝርያውንም ይመልከቱ። በብሪታንያ ፒትቡል ቴሪየር፣ ጃፓኒዝ ቶሳ፣ ዶጎ አርጀንቲኖ፣ ፊላ ብራዚሌይሮ እና ኤክስኤል ቡሊ የተከለከሉ ናቸው። እዚያ ውሻው የሚመዘነው በመልኩና በአካሉ ቅርጽ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ «ድቅል» መባሉ ብቻውን አያድነውም።

2. ቀኑን ወደ ኋላ ይቁጠሩ

የጊዜው ሁሉ ምንጭ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው በአካል ውስጥ ተደብቆ ወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ ከእሱ ነጻ የሆኑ አገሮች ጤነኛ መስሎ የቀረበን ውሻ ዝም ብለው አያምኑም። ማስረጃ ይፈልጋሉ፤ ማስረጃው ደግሞ በቅደም ተከተል መሠራት አለበት።

መጀመሪያ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚቀበር፣ የመለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ ቺፕ) ይገባል፣ ከዚያ ክትባቱ ይሰጣል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከቺፑ በፊት የተሰጠ ክትባት አይቆጠርም፤ ውሻው ማንነቱ ሳይታወቅ የተከተበ ያህል ነውና እንደገና ይከተባል። ለመከተብ ቢያንስ 12 ሳምንት ሊሞላው ይገባል፤ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላም 21 ቀን ይጠበቃል። ኅብረቱ ከእብድ ውሻ በሽታ አንጻር ስጋታቸው ዝቅተኛ ነው ብሎ ከዘረዘራቸው ውጭ ከሆነ አገር የሚመጣ ውሻ ደግሞ የደም ምርመራ ይጨመርበታል። ደሙ የሚቀዳው ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ነው፤ ክትባቱ በደሙ ውስጥ የፈጠረው መከላከያ (አንቲቦዲ) መጠን በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ መገኘት አለበት፤ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ደግሞ 3 ወር ይቆጠራል። ሲደመር አራት ወር ገደማ ይሆናል።

ጃፓን ከብዙ አገሮች ለሚመጣ ውሻ ሁለት ክትባት፣ የደም ምርመራና 180 ቀን መጠበቅ ትጠይቃለች፤ ከመድረሱ ቢያንስ 40 ቀን በፊትም ማሳወቅ ግዴታ ነው። አውስትራሊያ ረጅም ጥበቃ ከመጠየቋም በላይ ውሻው ሜልበርን አጠገብ ሚክልሃም በሚገኘው ኳራንቲን (የእንስሳት ለይቶ ማቆያ) ቢያንስ 10 ቀን እንዲቆይ ታደርጋለች።

ክሊኒክ ሲሄዱ የሚከተለውን ሳያደርጉ አይውጡ። ሐኪሙ ቺፑን በማንበቢያው ያንብብ፤ በመሣሪያው ላይ የሚታየውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥር በክትባት ደብተሩ፣ በምርመራ ወረቀቱና በጤና ምስክር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። አንድ አሃዝ ከተዛባ ወረቀቱ የሌላ ውሻ ወረቀት ነው፤ አየር ማረፊያ ላይ ደግሞ የሚያርምልዎ የለም።

«እኔ ልቅደም፣ ውሻው በኋላ ይላክልኛል» ካሉ ይህን ይወቁ፦ አውሮፓ ኅብረት እንደ ቤት እንስሳ የሚቀበለው ከባለቤቱ ጉዞ በፊት ወይም በኋላ ባሉ 5 ቀናት ውስጥ የሚመጣን ነው። ከዚያ ካለፈ ለንግድ እንደሚገባ እንስሳ ይታያል፤ ደንቡም ይበልጥ ይከብዳል።

3. ሐኪሙን «መጓዝ ይችላል?» ብለው ይጠይቁ

እርጅና ብቻውን ውሻን ለመተው ምክንያት አይሆንም። የልብ፣ የኩላሊትና የመተንፈሻ ችግር ግን ምክንያት ይሆናል። እንደ ቡልዶግና ፐግ ያሉ አፍንጫቸው የተጨፈለቀ ውሾች በሙቀትና በጭንቀት ጊዜ ለመተንፈስ ስለሚቸገሩ ብዙ አየር መንገዶች አይጭኗቸውም፤ በሙቀት ወራት ደግሞ የሌላውንም ዝርያ ጉዞ የሚያቆሙ አሉ።

ማደንዘዣ ሰጥቼ አስተኛዋለሁ የሚል ሐሳብ ካለዎት ይተዉት። የደም ግፊትንና ትንፋሽን ያዳክማል፤ ሳጥኑ ሲናወጥም ውሻው ሚዛኑን መጠበቅ አይችልም።

4. ሳጥኑን አሁኑኑ ይግዙና ይሞክሩ

ትንሽ ውሻ ከነመያዣው 8 ኪሎ ገደማ ካልበለጠ ብዙ አየር መንገዶች ከእርስዎ ጋር እንዲቀመጥ ይፈቅዳሉ፤ የመድረሻው አገር ግን ሊከለክል ይችላል። ወደ ብሪታንያ በአውሮፕላን የሚገባ ውሻ በአብዛኛው በካርጎ ነው የሚመጣው።

ለካርጎ ሳጥን ሜትር ይያዙ። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ሥር ይለኩ፤ ከመሬት እስከ ክርኑ ያለውን ርዝመት ግማሽ ይጨምሩበት፤ የሳጥኑ ርዝመት ይኼ ነው። ስፋቱ የትከሻው ወርድ እጥፍ ነው። ከፍታው ቆሞ ጆሮው ወይም ጭንቅላቱ ጣራውን እንዳይነካ ሆኖ ይወሰናል።

ከዚያ ምግቡን ሳጥኑ ውስጥ ይስጡት፤ በሩ ክፍት ይሁን። ሲለምደው ለደቂቃ ይዝጉት፣ ቀስ በቀስ ጊዜውን ያርዝሙ፣ ሌሊቱን እስኪያድርበት። ለሳምንታት ተለማምዶም በሩ ሲዘጋ የሚያለከልክ፣ ሽቦውን በጥርሱ የሚቦጫጭቅ ውሻ መልሱን ሰጥቶዎታል። እኔ ብሆን እንዲህ ያለውን ውሻ ለረጅም በረራ ካርጎ ውስጥ አላስገባውም፤ ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ቢሆን እንኳ።

5. እዚያ ምን ዓይነት ኑሮ ይጠብቀዋል?

ሰው በጉዞው ተጠምዶ የሚረሳው ይህንን ነው። በረራው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ውሻው የሚኖረው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። አከራዩ ውሻ እንደሚፈቅድ በውል ላይ በጽሑፍ ያስገቡ፤ «ችግር የለም» የሚል የስልክ ቃል አይበቃም። ከቤት ውጭ የሚቆዩበትን ሰዓት ከነመንገዱ ይደምሩ። ግቢ የለመደ ትልቅ ውሻ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ቀኑን ሙሉ ብቻውን የሚውል ከሆነ፣ ናፍቆቱ የእርስዎ ይሁን እንጂ ዋጋውን የሚከፍለው እሱ ነው።

የሚሄዱት በአንድ ዓመት ኮንትራት ከሆነ መመለሻውንም ያስሉ፤ የራስዎ አገርም የመግቢያ ደንብ አለው። ለአጭር ቆይታ፣ የሚወደው ሰው ቤት ማረፊያ ያለውን ሽማግሌ ውሻ መተው ይሻላል ባይ ነኝ።

6. ወጪውን በአንድ ወረቀት ይደምሩ

ክትባት፣ ምርመራ፣ ሳጥን፣ ፈቃድ፣ ካርጎ፣ ኳራንቲን። ካርጎ የሚያስከፍለው በኪሎ ብቻ አይደለም፤ ሳጥኑ የሚይዘው ቦታም ይታሰባል፤ ስለዚህ የትልቅ ውሻ ጭነት ከእርስዎ ትኬት ሊበልጥ ይችላል።

7. ሁለት ውሾች ካሉ

አንዱ ወጣት፣ ሌላው የልብ ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ከመነጣጠልዎ በፊት ለጥቂት ቀናት በተለያየ ቤት ያሳድሯቸውና አበላላቸውንና እንቅልፋቸውን ይከታተሉ። አንዱ ምግብ ከተወ ወይ ሁለቱም ይሂዱ፣ ወይ ሁለቱም አንድ ቤት ይቅሩ።

8. የሚቀር ከሆነ

ሰው መፈለግ የሚጀምሩት በወሰኑበት ቀን ነው። ውሻው እርስዎ ገና ሳይሄዱ በየሳምንቱ መጨረሻ አዲሱ ቤት ይደር፤ ችግር ቢኖር ያኔ ይታያል። የምግቡን ዓይነት፣ የመድኃኒቱን ሰዓትና የሚፈራውን ነገር ጽፈው ይስጡ፤ ነጎድጓድ ሲሰማ አጥር የሚዘል ከሆነ አይደብቁ። ቢታመም ሕክምናውን ማን እንደሚወስንና ማን እንደሚከፍል አስቀድመው ይስማሙ። በቺፑ መዝገብ ላይ ያለውን ስልክ ወደ ተረካቢው ያዙሩ፤ ውሻው ቢጠፋ የሚደወለው እዚያ ወደተመዘገበው ቁጥር ነው።