የድሬዳዋን ሙቀት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያቃለልኩበት መንገድ

በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ሙቀት 35 ዲግሪን ሲያልፍ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መኖር እጅግ ያስመርራል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንኳ ቤታችን እንደ ምጣድ ግሎ ስለሚቆይ፣ ልጆቹ አንሶላቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ያድሩ ነበር። ቬንቲሌተሩ ያንኑ ትኩስ አየር ከማዞር ያለፈ ጥቅም አልነበረውም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱም የለም።

ሙቀቱ በዋናነት የሚገባው ከላይ ስለሆነ፣ ቆርቆሮውን አሳጥቤ የፀሐይን ጨረር መልሶ የሚያንጸባርቅ ነጭ የቆርቆሮ ቀለም ደራርቤ አስቀባሁት። ከዚያም በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል የታመቀው አየር መውጫ እንዲያገኝ፣ ከግድግዳው ጫፍ ፊት ለፊት የሚተያዩ ቀዳዳዎች አስከፍቼ ወፍና አይጥ እንዳይገባባቸው የወንፊት ሽቦ አስመታሁባቸው። አሁን በጠራራ ፀሐይ እንኳ ኮርኒሱን በእጅ ሲነኩት አያቃጥልም። ቀለሙ አቧራ ሲይዝ የማንጸባረቅ ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ ሙቀቱ ከመበርታቱ በፊት ጣሪያውን ማጠብ የግድ ነው።