ድንብላል ከተዘራበት መነሳት አይወድም

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለው ጓሮዬ ሁለት ሰሌን ቢነጠፍበት ይሞላል። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ድንብላል አይጠፋበትም።

ዘሩን ቅዳሜ ገበያ ከቅመም ሻጮች እገዛለሁ። አንድ የሻይ ብርጭቆ ይተርፈኛል። ያልተቆላ መሆኑን ጠይቁ፤ የተቆላ አይበቅልም። አንድ ፍሬ ፈርክሳችሁ አሽትቱ። ሽታው ከደከመ ዘሩ ቆይቷል ማለት ነው።

ክቧ ፍሬ በውስጧ ሁለት ዘር አላት። ጨርቅ ላይ አድርጌ በጠርሙስ ቀስ ብዬ እዳምጣታለሁ። ለሁለት ትከፈል እንጂ አትድቀቅ። ከዚያ ውሃ ውስጥ አሳድራታለሁ።

ክረምት ላይ አልዘራም። አፈራችን ውሃ ይቋጥራል፣ ዘሩ ይበሰብሳል። መስከረም መጨረሻ ዝናቡ ሲቀንስ መደቡን ከፍ አድርጌ የተብላላ ፍግ አቀላቅላለሁ። ጥልቀቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል፣ በመስመሮቹ መካከል አንድ ስንዝር። እስኪበቅል አፈሩ መድረቅ የለበትም። ከ1 እስከ 3 ሳምንት ስለሚወስድ አትቸኩሉ፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ አርከፍክፉለት።

መጀመሪያ ሰሞን እንደ ቃሪያ ችግኝ አፍልቼ አዛውሬው ነበር። ግማሹ ደረቀ። የተረፈውም ቅጠል ሳይጠግብ አበባ አወጣ። በጣም አዘንኩ። የጎረቤቴ እናት አይተው «ልጄ፣ ድንብላል ከተዘራበት መነሳት አይወድም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዋናው ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ሲነካ ይጎዳል። አሁን እዚያው መደቡ ላይ እዘራለሁ። ሲበቅል አሳሳዋለሁ፣ የነቀልኩትንም ሰላጣ ውስጥ እከትፈዋለሁ።

ሌላው ጠላቱ ሙቀት ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ባሕር ዳር ስትግል ወዲያው ወደ አበባ ይሮጣል። ላዩ ላይ ያለው ቅጠል እንደ እንስላል ሲቀጥን ካያችሁ ማበቡ ነው። ውሃ ብታበዙለትም አይመለስም። ለዚህ ነው በየሦስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የምዘራው። የመጨረሻውን ዙር ከፓፓያው ጥላ ሥር አደርገዋለሁ፤ የከሰዓት ፀሐይ አያገኘውም።

ከ5 ወይም 6 ሳምንት በኋላ ከዳር ዳር ያለውን ቅጠል ቁረጡ፣ መሐሉን ተዉት። ያበበውንም አትንቀሉ። ንቦች ሲሰፍሩበት ማየት ራሱ ደስ ይላል፤ ፍሬው ቡናማ ሲሆን ደግሞ ጠዋት ቶሎ አጭዳችሁ በወረቀት ከረጢት ስቀሉት። ፀሐይ ሲበረታ ይረግፋል። ግማሹ ለበርበሬ፣ ግማሹ ለመስከረም ዘር።

ቅጠሉን ለዓሣ ሾርባ ከፈለጋችሁት ድስቱ ከወረደ በኋላ ጨምሩት። እሳት ላይ ከቆየ ሽታው ይጠፋል።