ለገሃርን ያስዋበው አደይ አበባ

የለገሃርን ባቡር ጣቢያ ሞዴል በ1፡87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሼ፣ እየሠራሁ ነው። ሐዲዱ ዳር የተከልኩት አደይ አበባ ግን የፈሰሰ ቢጫ ቀለም መሰለብኝ።

የሞዴሉን ሣር ቢጫ ቀለም በነካ ብሩሽ ነካ ነካ አደረግኩት፤ ተጣበቀ። በእርድ ያቀለምኩት ሰጋቱራም ፀሐይ ሲያገኘው ደበዘዘ።

በመጨረሻ አሰላሁት። 5 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ አበባ ለ87 ሲካፈል 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የእኔ ሰጋቱራ 2 ሚሊ ሜትር ነበር!

የሠራልኝ ይሄ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ የወጣውን የእንጨት ብናኝ በቢጫ አክሪሊክ ለውሼ አደረቅኩት፤ በእጄ ፈርፍሬ በስቶኪንግ ነፋሁት። አረንጓዴ የቀባሁትን ቃጫ 7 ሚሊ ሜትር እየቆረጥኩ በኮላ አቆምኩ። ሲደርቅ ጫፍ ጫፉን የፀጉር ስፕሬይ ረጭቼ ብናኙን ነሰነስኩበት። የተረፈውን እፍ ማለት ነው። እያንዳንዷ አበባ ለብቻዋ ቆማ ስትታይ ደስ ትላለች!

ሐዲዱን አስቀድማችሁ በፕላስተር ሸፍኑት፤ ስፕሬይ ከነካው ባቡሩ ኤሌክትሪክ በደንብ አያገኝም።