ከድሬዳዋ በሚኒባስ ሲጓዙ የመኪናውን ውስጥ ከሙቀት መጠበቅ

በድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ የቀትር ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱ የተለመደ ነው። ፀሐይ ላይ ተዘግቶ የቆመ ሚኒባስ ውስጡ ግን በአንድ ሰዓት ጊዜ 50 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል፤ ዳሽቦርዱና መሪውም እጅ አያስነኩም። እንዲህ የጋለ መኪና ውስጥ ቤተሰብ አሳፍሮ፣ መስታወት ዘግቶና ኤሲ ከፍቶ መንገድ መጀመር ብዙዎች የሚያደርጉት ነገር ቢሆንም አይመከርም፤ ምክንያቱም ኤሲው ተሳፋሪውን ከማቀዝቀዙ በፊት የጋለውን ብረት፣ ስፖንጅና ፕላስቲክ ማቀዝቀዝ ይኖርበታል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ ሙቀቱ እንዳይገባ መከላከል፣ ቀጥሎ የገባውን ማስወጣት፣ ኤሲን ደግሞ ለተረፈው ሙቀት ብቻ መጠቀም ነው።

መከላከሉ የሚጀምረው መኪናው ከሚቆምበት ቦታ ነው። በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ውስጥ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ቦታ ለማግኘት ጥቂት መዞር የሚያስገኘው ጥቅም ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ጥላ ከታጣ የፊት መስታወቱን በሚያንጸባርቅ መከለያ መሸፈን ይገባል። መከለያው የሚሻለው ከመስታወቱ ውጭ ሲሆን ነው፤ ከውስጥ የሚጋረድ መጋረጃ ፀሐዩ ሰው ላይ እንዳያርፍ ቢከለክልም ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ ስለሚያስቀረው ጥቅሙ ያነሰ ነው። ለመነሳት ሲታሰብ ሁሉንም በሮች ለጥቂት ደቂቃ ከፍቶ ማናፈስ፣ ከዚያም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትሮች መስታወት ከፍቶ መንዳት የታፈነውን ትኩስ አየር ያስወጣል።

በጉዞ ላይ ከፍተኛውን የፀሐይ ሙቀት የሚቀበለው ጣሪያው ነው። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በሞቃቱ ወራት የቀትር ፀሐይ ከአናት ብዙም አትርቅም፤ ስለዚህ የጎን መጋረጃ በጧትና በማታ እንጂ በቀትር ብዙ አይረዳም። ነጭ ጣሪያ ከጥቁሩ በእጅጉ ያነሰ ሙቀት ይይዛል። ፖርቶመጋላ (የጣሪያ ላይ ዕቃ መጫኛ) ያለው መኪና ደግሞ በላዩ ላይ ሸራ በደንብ ተወጥሮ ቢታሰርበትና በሸራውና በጣሪያው መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ቢተውለት ጥላውን ይዞ እንደሚሄድ ይቆጠራል። ሸራው ጣሪያው ላይ ከተለጠፈ ግን ሙቀቱን ያስተላልፋል።

በብዙዎቹ የቶዮታ ሃይስና መሰል ሚኒባሶች አንድ ሌላ የሙቀት ምንጭ አለ፤ እርሱም ከፊት መቀመጫዎች ሥር የሚገኘው ሞተር ነው። ሾፌሩና ጋቢና የተቀመጠው ሰው ከኋለኞቹ ይልቅ እግራቸውና ወገባቸው የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በኤሲው ላይ ይላከካል። መቀመጫውን አንሥቶ የሞተሩን ክዳን ማየት ይገባል። በክዳኑ ጠርዝ ዙሪያ ያለው ጎማ በሙቀት ብዛት ደርቆና ተሰነጣጥቆ፣ ከክዳኑ ሥር የተለጠፈው ሙቀት ተከላካይ ንጣፍም ተልጦ ወይም ዘይት ጠጥቶ ሊገኝ ይችላል። ክፍተቱን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ማታ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ አንድ ሰው ከሥር በባትሪ እንዲያበራ ማድረግ ነው፤ ከላይ ሆኖ ሲታይ የብርሃን ጭላንጭል የሚወጣበት ቦታ ሁሉ ትኩስ አየርም የሚወጣበት ነው። በዚያ በኩል የጭስ ማውጫ ጋዝ ሊገባ ስለሚችል እድሳቱ ለምቾት ብቻ ሳይሆን ለሕይወትም ነው። ጎማውን በአዲስ መተካትና ንጣፉን ለሞተር ክፍል በተሠራ፣ እሳት በማይዘው ዓይነት መለወጥ ያስፈልጋል። ተራ ስፖንጅ ወይም ጨርቅ መጠቅጠቅ እሳት ስለሚያስነሣ ፈጽሞ አይፈቀድም።

ኤሲ በሌለው መኪና መስታወቶችን ሁሉ ገርበብ አድርጎ መተው በቂ አይደለም። አየሩ የሚገባበትና የሚወጣበት ሊለይለት ይገባል፦ ከፊት በአንድ በኩል ትንሽ ይከፈታል፣ ከኋላ በተቃራኒው በኩል ያለው ተንሸራታች መስታወት ደግሞ ሰፋ ተደርጎ ይከፈታል፤ በዚህ ጊዜ ነፋሱ የመኪናውን ውስጥ አቋርጦ ስለሚያልፍ ኋላ ወንበር ላይ ያሉትም ይደርሳቸዋል። ይሁን እንጂ የውጭው አየር ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነፋስ ብቻውን ደረቅ ቆዳን አያቀዘቅዝም፤ የሚያቀዘቅዘው እርጥበቱ ሲተን ነው። አወዳይ ላይ ጫት በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ ረጅም መንገድ ሳይጠወልግ የሚሄድበት ብልሃት እዚህም ይሠራል፤ እርጥብ ነጠላ ወይም ሽርጥ አንገትና ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ነፋሱ በሚያልፍበት መቀመጥ ቶሎ ያሳርፋል። ከድንበር ከተማዋ ከደወሌ አልፎ ወደ ጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ሲቀረቡ ግን አየሩ ወበቅ ስለሚሆን ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል። ኤሲ ተከፍቶ መስታወት በተዘጋበት መኪና ውስጥም እርጥብ ጨርቅ ማንጠልጠል ተገቢ አይደለም፤ ኤሲው ያንኑ እርጥበት ለማድረቅ ይደክማል።

ኤሲ ያለው ሰው ከሁሉ በፊት ኮንደንሰሩን፣ ማለትም ኤሲው ከውስጥ የወሰደውን ሙቀት ወደ ውጭ የሚለቅበትን ክፍል ያጽዳ። አቧራና ነፍሳት የደፈኑት ኮንደንሰር ጋዙ ሙሉ ቢሆንም አያቀዘቅዝም፤ ስስ ክንፎቹ እንዳይጣመሙ ግፊቱ በቀነሰ ውሃ ማጠብ ይበቃል። ጋዝ በየዓመቱ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለና ቀዳዳውን ሳያስደፍኑ ደጋግሞ ማስሞላት ገንዘብ ማባከን ነው። መኪናው ከቀዘቀዘ በኋላ የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ መጠቀም ኤሲውን ያግዛል፤ ነገር ግን በሰው የሞላ ሚኒባስ ውስጥ አየሩ ታፍኖ ሾፌሩን ሊያስተኛ ስለሚችል በየመሀሉ የውጭ አየር ማስገባት ግዴታ ነው።

ወደ ሐረርም ሆነ ወደ ቁልቢ ለሚወጣ ሰው ዋናው ፈተና የደንገጎ ዳገት ነው። ላይኛው አየር ይቀዘቅዛል፣ እስኪደረስበት ግን ሞተሩ በዝቅተኛ ፍጥነት ከባድ ሥራ ይሠራል፤ ራዲያተሩ የሚያገኘው ነፋስም ትንሽ ነው። ኮንደንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ስለተቀመጠ ከተሳፋሪው ክፍል የወጣው ሙቀት በቀጥታ ወደ ራዲያተሩ ይነፍሳል፤ በዚህ ሰዓት ተሳፋሪውና ሞተሩ አንዱን ነፋስ ይሻማሉ ማለት ነው። ስለዚህ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ውስጡን በደንብ አቀዝቅዞ፣ ዳገቱ ላይ ኤሲውን አጥፍቶና መስታወት ከፍቶ መውጣት እመክራለሁ። ከፍተኛ ማርሽ ይዞ ሞተሩን ከማስጨነቅ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መቀነስ ይሻላል፤ የሞተሩ ዙር ሲጨምር የውሃ ፓምፑም አብሮ ይፈጥናል።

የሙቀት ጌጁ ከተለመደው ቦታ ከፍ ካለ ሂተሩን እስከ መጨረሻው መክፈት ለተሳፋሪው ቢከብድም ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ካልወረደ ከመንገድ ወጥቶ መቆም ያስፈልጋል። ውሃ በድሬዳዋ ከፍታ 96 ዲግሪ ገደማ፣ በ2,000 ሜትር ከፍታ ደግሞ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን ስለያዘው ነው። በትኩሱ ክዳኑን የከፈተ ሰው ፊቱ ላይ የሚፈነዳው ይኸው ውሃ ነው። ስለዚህ ክዳኑ በእጅ ለመንካት እስኪመች ድረስ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ ይላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሊሰነጥቅ ይችላል። በራዲያተሩ ውስጥ ከተራ ውሃ ይልቅ በአግባቡ የተመጠነ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) መጠቀምና ክዳኑ ሲያረጅ መለወጥ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለውን ማሸጊያ) ከማሠራት እጅግ የረከሰ ወጪ ነው።

የሚቻል ከሆነ ወደ ሚኤሶ (በኤረር በኩል) ወይም ወደ ደወሌ የሚወስዱትን የቆላ መንገዶች ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ጀምሮ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ማገባደድ መልካም ነው። የመጠጥ ውሃው ጀሪካን በረጠበ ጆንያ ተሸፍኖ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ፤ ሕፃናትና አዛውንትም እስኪጠሙ ሳይጠበቅ በየጊዜው ይጠጡ። ለአጭር ጉዳይም ቢሆን ሕፃን በተዘጋ መኪና ውስጥ አይተው። ከተሳፋሪዎች መካከል ንግግሩ የተምታታበት፣ የሚያጥወለውለው ወይም ሰውነቱ እንደ እሳት የጋለ ሰው ካለ ጉዞው ይቁም፤ በሽተኛውን ጥላ ሥር አስተኝቶ፣ ልብሱን አላልቶ፣ መላ አካሉን በውሃ እያረጠቡ ማራገብ፣ ሳይዘገዩም ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ አይሰጥም።