በአሜሪካ የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት ለመሆን፦ ከማመልከቻ እስከ ሥራ ፈቃድ

የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት ተማሪዎች ለምን መማር እንደሚቸገሩ የሚመዝንና የሚያግዝ ባለሙያ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከመምረጣችሁ በፊት የምትሠሩበትን ስቴት ምረጡ። የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ስቴቱ ነው፤ የቴክሳስ መስፈርትና የካሊፎርኒያ መስፈርት አንድ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዲግሪው ደረጃ ነው። የተለመደው መግቢያ «ስፔሻሊስት» የሚባል፣ ከማስተርስ ከፍ ከዶክትሬት ዝቅ ያለ ደረጃ ነው፤ ቢያንስ 60 ክሬዲት አወር፣ በሙሉ ጊዜ 3 ዓመት ይፈጃል። በ30 ወይም በ36 ክሬዲት የሚያልቅ የሳይኮሎጂ ማስተርስ ብቻውን አያስቀጥርም። የትምህርት ቤት ካውንስለርም ሌላ ሙያ ነው፤ ፈቃዱም የተለየ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ካላሰባችሁ ዶክትሬቱ ላይ ተጨማሪ ዓመታት ማጥፋት አያስፈልግም።

ፕሮግራሙ በብሔራዊው የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስቶች ማኅበር (ናስፕ) የጸደቀ ይሁን። ካልጸደቀ ናስፕ የሚሰጠውን ብሔራዊ የሙያ ሰርተፍኬት ለማግኘት ብቃታችሁን በፖርትፎሊዮ (በሥራዎቻችሁ ማስረጃ ስብስብ) አንድ በአንድ ማስረዳት ይጠበቅባችኋል።

የማመልከቻ ጊዜ በአብዛኛው በዲሴምበርና በፌብሩዋሪ መካከል ያበቃል። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ከኢትዮጵያ ከሆነ የትራንስክሪፕቱን ጉዳይ ከወራት በፊት ጀምሩ፤ የውጭ አገር ዲግሪ ገምጋሚ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሚቀበሉት ዩኒቨርሲቲው ራሱ የላከውን እንጂ እጃችሁ ላይ ያለውን ኮፒ አይደለም። ስታትስቲክስና የልጆች እድገት ያልተማረ አመልካች መጀመሪያ እነሱን እንዲወስድ ሊጠየቅ ይችላል።

በሦስተኛው ዓመት የ1,200 ሰዓት ኢንተርንሺፕ አለ፤ ከዚህ ቢያንስ 600ው ትምህርት ቤት ውስጥ መሆን አለበት። ክሊኒክ ውስጥ ብቻ የተሠራ ሰዓት ይህን አያሟላም። ክፍያ መኖሩን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ ያለ ክፍያ የሚያሠሩ ቦታዎች አሉ። በኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ሲፒቲ የተባለውን፣ የትምህርቱ ክፍል ለሆነ ሥራ የሚሰጥ ፈቃድ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት መያዝ አለባችሁ። የሙሉ ጊዜ ሲፒቲ 12 ወር ከሞላ ከምረቃ በኋላ የሚሰጠውን ኦፒቲ የተባለ ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ያሳጣል። ኢንተርንሺፑ በአንድ የትምህርት ዓመት እንዲያልቅ አድርጉ፤ የክረምት ሥራ አትጨምሩበት።

የሙያው መመዘኛ የሆነው የፕራክሲስ ፈተና ቁጥሩ 5403 ነው፤ ለብሔራዊው ሰርተፍኬት ማለፊያው 155 ነው። ስትመዘገቡ ውጤቱ ለናስፕ፣ ለዩኒቨርሲቲያችሁና ለስቴቱ እንዲላክ ምረጡ።

አማርኛ ተናጋሪ ሠልጣኝ አጥብቆ ሊይዘው የሚገባ ነገር አለ። የፌዴራሉ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ፣ የማይቻል ካልሆነ በስተቀር፣ ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲመዘን ያዛል። አዲስ የመጣ ልጅ የመጫወቻ እንግሊዝኛ ቶሎ ይለምዳል፤ የመማሪያው ቋንቋ ግን ዓመታት ይወስዳል። በዚህ መሃል የቃል ፈተና ዝቅተኛ ውጤት የመማር ችግር ተደርጎ ይወሰዳል፤ ልጁም ያለ ቦታው ልዩ ክፍል ይገባል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሁለት ቋንቋ ምዘና የሚሠራ ሱፐርቫይዘር ፈልጉ።

አማርኛ ማወቅ ግን ፈተናውን እዚያው እየተረጎሙ ለመስጠት አይፈቅድም። ነጥቡ የሚነጻጸረው በእንግሊዝኛ ከተፈተኑ የአሜሪካ ልጆች ጋር ስለሆነ፣ ጥያቄው ሲተረጎም ክብደቱ ይለወጣል፤ ቁጥሩም ዋጋ ያጣል። ቃል የማይጠይቁ ፈተናዎችን ተጠቀሙ፣ ክፍል ገብታችሁ ልጁን ተመልከቱ፣ ወላጆችን በአማርኛ አነጋግሩ፦ መቼ አፉን ፈታ? ፊደል ቆጥሯል? ትምህርት አቋርጦ ያውቃል? በአማርኛም ቢሆን ታሪክ አያይዞ መናገር ያቅተዋል? ችግሩ በሁለቱም ቋንቋ ከታየ ምርመራውን ቀጥሉ። በእንግሊዝኛ ብቻ ከታየ ልጁ የሚያስፈልገው የቋንቋ ድጋፍ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህንኑ በሪፖርቱ ላይ በግልጽ ጻፉ።